የአቶ ኃይለሚካኤል መኪና ቁልፍ

ሳጅን አኒስ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲደውል ድምፁ የፖሊስ አልነበረም። ጅብ ያየ ልጅ ነበር የሚመስለው።

«ኢንስፔክተር፣ ማሎ፣ እባክዎ ይምጡ። መኪናው ትናንት ዓይኑን ገለጠ። ለቀስተኛው ድንኳኑን ጥሎ ወጥቷል።»

«መኪና ዓይን የለውም፣ አኒስ።»

«ይህኛው አለው» አለ አኒስ።

ኢንስፔክተር ወርቂቱ ዣንጥላዋን አነሣች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አጠር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ለሚያያት ሁሉ እንቅልፍ ያልጠገበች የምትመስል ሴት። እናቷ በቡና ለቀማ ነው ያሳደገቻት። ልጅ ሆና ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ከደህናው ፍሬ መሐል ጥቁሩንና የተበሳውን ስትለቅም ስላደገች ዓይኗ እንከን ላይ ቶሎ ያርፋል። ወንጀል ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የተማሩ ሞልተዋል፤ ከእሷ የበለጠ የሚያይ ግን የለም።

ከመውጣቷ በፊት ከጣቢያው ኋላ ወዳለው ማረፊያ ክፍል ጎራ አለች። እዚያ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የታሰረ ቦና የሚባል የሟቹ የአቶ ኃይለሚካኤል ሾፌር አለ። ሰኞ ጠዋት በግድያ ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የሟች ዘመዶችም ፍርዱን ሳይጠብቁ ፈርደውበታል። ቦና ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። 

«ስለ ቁልፉ ንገረኝ» አለችው።

«አዴ ወርቂቱ፣ ተናግሬ ተናግሬ ደከመኝ። ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ‹ቁልፉን ስጠኝ፣ ዛሬ ለሌላ ሥራ እፈልገዋለሁ› አሉኝ። ሰጠኋቸው።»

«ለምን ሥራ?»

«አልነገሩኝም። ሳቁ ብቻ። ተንኮል ያሰበ ልጅ እንደሚስቀው ሳቁና ቢሮአቸው ገቡ።»

«ማን አየ?»

 ማንም አላየም። ወርቂቱ ሌላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ዝናብ ሲይዛቸው መኪናው ውስጥ የት እንደሚቀመጥ። ቦና ጥያቄው ገርሞት ቀና አለ። ሾፌር መሪው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሌላ የት ይቀመጣል፣ አላት።

የሟቹ ግቢ ከጅማ ወጣ ብሎ ወደ ደዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከፊት መኖሪያ ቤቱ፣ ከኋላ የቡና ማበጠሪያው መጋዘን፣ በመሐል የለቅሶው ድንኳን። መኪናው መጋዘኑ ታዛ ሥር ቆሟል። ነጭ ነው፤ ሲገዛ ያገለገለ ስለነበር ከአንድ ቁልፍ በቀር ሌላ አልነበረውም። ቁልፉም ተሰክቶ የሚዞረው ዓይነት አይደለም። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ሪሞት ነው። ሪሞቱ መኪናው ውስጥ ካለ ፍሬን ረግጦ ማስነሻውን መጫን ይበቃል። ከሌለ ግን መኪናው ጎማውን ቆልፎ እንደ ቋጥኝ ይቀመጣል፤ ፖሊስም ጎትቶ ሊወስደው ያልቻለው ለዚህ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ቡና አልገባምና የሚለቅሙት ሴቶች አልመጡም። ዘበኛው ዝናቡ ከጀመረበት እስካባራበት ድረስ በበሩ ማንም እንዳልገባ እንዳልወጣም ምሏል። አሥር ሰዓት ላይ ሲያባራ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ባላቸውን ለሻይ ሊጠሩ ወጡ። አቶ ኃይለሚካኤል መኪናው ውስጥ፣ ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ተመትተው ሞተዋል። የተመቱበት ባለ አምስት ኪሎ የሚዛን ብረት ከኋላ ወንበር ሥር ክብደቱ ትክክል መሆኑ እንዲፈተሽ ሊወሰድ ተቀምጦ የነበረ ነው፤ ጎርፍ መውረጃው ውስጥ በዝናብ ታጥቦ ተገኘ። ከበሩ ካልተለየው ዘበኛ ሌላ ግቢ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ብርሃንነሽ፣ የንግድ ሸሪካቸው ከሊል፣ ቡና ቀማሻቸው ለይኩን፣ ሾፌራቸው ቦና።

ቁልፉ ከሟቹ ኪስ አልተገኘም። ሁልጊዜ ቁልፉን የሚይዘው ቦና ነበር። ለብዙው ሰው ይህ በቂ ሆነ።

ወርቂቱ በሩ ላይ ስትደርስ የቦና ሚስት ሳሊሀ ሕፃኗን ታቅፋ አጥሩን ተደግፋ ቆማ አገኘቻት። ሳሊሀ አልለመነችም፤ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋችና አየቻት።  ሰላምታ ሰጥታት አለፈች።

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከመኪናው በተቃራኒ ግድግዳውን ታክኮ ቆሟል። ድንኳኑ ውስጥ ባዶ ወንበሮች ብቻ ቀርተዋል። መኪናው ጠበል ተረጭቶበታል፤ ከሊልም በበኩሉ ከሄርማታ ሰፈር አንድ ሼህ አስመጥቶ ዱዓ አስደርጎበታል። ሁለቱም አላረጋጋቸውም።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ ዓይኑንም ጆሮውንም ሳትጨምር» አለችው አኒስን።

አኒስ ነገራት። ረቡዕ ማታ መኪናውን ሲፈትሹ እንዲያው ለመሞከር ያህል መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬኑን ረግጦ ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ ተነሣ። ስለዚህ ቁልፉ መኪናው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሞተሩን አጠፉና መፈለግ ጀመሩ። ምንጣፉን ገለጡ፣ ወንበሮቹን ፈቱ፣ ትርፍ ጎማውን አወጡ፣ ስፌቱን ሳይቀር በጣታቸው ዳበሱ። ሁለት ሰዓት ፈለጉ። ምንም የለም። ሁሉም ከወረደ በኋላ አኒስ እንደገና ሞከረ፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ጭራሽ አልመለሰለትም። በሮቹን ቆልፈው ተዉት።

«ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ የታጠፉት ስፖኪዮዎቹ፣ የጎን መስታወቶቹ፣ በሁለቱም በኩል ተዘረጉ። የበሮቹ መብራት በራ። እትዬ ብርሃንነሽ ወደቁ። እኔም፣ ምን ልደብቅዎት፣ ሮጥኩ።»

«ረቡዕ ሞተሩ ሲነሣ ማን የት ነበር?»

«እኔ መሪው ላይ። ለይኩን ከኋላ ወንበር፤ የተገኙትን ወረቀቶች ምንነት እንዲነግረን አስገብተነው ነበር። ከሊል ዣንጥላውን ይዞ ከመኪናው በር ውጭ ቆሟል። ቦና ራቅ ብሎ ያለቅሳል። እትዬ ቤት ውስጥ ሴቶች ይዘዋቸዋል።»

«ልብሳቸውን ፈትሻችሁ ነበር?»

«የአራቱንም። የከሊልን ዣንጥላ፣ የለይኩንን ቦርሳ፣ ሁሉንም። ለይኩን ጋ ሦስት የታሸጉ የቡና ናሙናዎች ብቻ ናቸው የነበሩት፤ መዝግበናቸዋል።»

 ወርቂቱ ሌላ ሰው ያላሰበውን ቀላል ነገር አሰበች፤ ዓርብ ቀን ቦና እስር ቤት ነበር።

ከሊልን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አነጋገረችው። ሆዱ ቦርጨጭ ያለ፣ መቁጠሪያ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጯጯኹ መሰማታቸውን አልካደም።

«ወላሂ፣ ስለ ቡናው ጣዕም ነው የተጣላነው» አላት። «ጣፋጭ ነው ብለን የላክነውን ገዢዎች ሻጋታ ይሸታል ብለው ሁለቴ መለሱብን። እኔ ጣሪያው ያፈሳል አልኩ። ጋሼ ግን ‹ቆይ ከሊል፣ አንድ ነገር ልፈትሽና እነግርሃለሁ› አሉኝ። ሳይነግሩኝ ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው።»

ዓርብ ምሳ ሰዓት የት እንደነበር ጠየቀችው። ሄርማታ መስጊድ ጁምዓ ሰግዶ የተመለሰው፣ ሰው ሁሉ ከሸሸ በኋላ እንደሆነ ነገራት። አኒስም ይህን አረጋገጠ።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ብዙ ሊናገሩ አልቻሉም። ጎረቤት ቤት እንደሚያድሩ፣ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር የመኪናው መብራት እንደሚበራባቸው ነገሯት። ወንጀለኛው ቦና መሆኑን ለፖሊስ ያመለከቱት እሳቸው ናቸው። አሁንም እሱ ነው ይሉ እንደሆነ ወርቂቱ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። «ሌላ ማን ይሆናል?» አሉ። «ሌሎቹን እኮ አውቃቸዋለሁ።» ቦና ሲያዝም በፊቱ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ለይኩን ለብቻው ተቀምጦ ነበር። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ከጅማ እስከ ደዶ ስሙን የማያውቅ ቡና ነጋዴ የለም። አንዲት ፉት ብሎ ቡናው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ይናገራል ይሉታል። የቆዳ ቦርሳውን በአንገቱ አሻግሮ አንግቷል። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ፊቱ ሦስት ቀን የታመመ ሰው ፊት ነው። ከአራቱ ሁሉ የበለጠ የፈራው እሱ ነበር።

ዓርብ መኪናው ሲበራ በአጠገቡ እያለፈ እንደነበር፣ ረቡዕ ግን ከምሳ በኋላ ሟቹን እንዳላያቸው ነገራት። ዝናቡ ሲዘንብ ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። ወርቂቱ መኪናው ውስጥ የተገኘውን ወረቀት አሳየችው፤ የናሙና ቁጥር ዐሥራ ሰባት የቅምሻ ውጤት፣ የረቡዕ ቀን ተጽፎበት የእሱ ፊርማ አለበት።

«ቀምሼ እንደጨረስኩ ዝናቡ ሳይጀምር ቢሮአቸው አስቀምጬላቸው ነበር» አለ።

«ቦርሳህን ከአንገትህ አታወርደውም?»

ለይኩን ቦርሳውን ወደ ደረቱ አስጠጋው። «ናሙና አለበት። የታሸገ ናሙና ከቀማሹ በቀር ማንም አይከፍትም። የሥራው ሕግ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው። «እናቴ እንኳን መክፈት፣ አጠገቡ ማስነጠስም ትከለክለን ነበር።»

ምሳ ቀረበ። ወጥ ሠሪዋ መኪናውን በመስኮት ስትጠብቅ ድስቷን ረስታ የምስሩ ወጥ ክፉኛ አርሮ ነበር። ሽታው ድንኳኑን ሞላው። ከሊል አንድ ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ገፋ። አኒስ እንጀራውን ብቻ በላ። ወርቂቱ ከትሕትና የተነሣ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና አቆመች። ለይኩን ግን ሳህኑን ጠርጎ በላ። ወጥ ሠሪዋ አፍራ ይቅርታ ስትጠይቅ ቀና ብሎ «ኧረ ጥሩ ነው፣ እጅሽን ይባርከው» አላት።

ወርቂቱ እጇን ታጠበች።

ከምሳ በኋላ ለይኩን ተነሥቶ ወደ ቅምሻ ክፍሉ አመራ። መንገዱ በታዛው ሥር፣ በመኪናው አጠገብ ነው። ከሊል ወደ መጋዘኑ እየሄደ ከጎኑ ነበር። ወርቂቱ ከኋላቸው ተከተለች። መኪናው ጋ ሊደርሱ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ስፖኪዮዎቹ ቀስ ብለው ተዘረጉ። የበሮቹ መብራት በራ።

ከኋላ ሴቶች ጮኹ። ከሊል መቁጠሪያውን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። ወርቂቱ እንዲህ ያለውን ነገር በሙሉ ልቧ የማታምን ሴት ናት፤ ግን ማንም የሌለበት መኪና፣ ሰው የሞተበት መኪና፣ መብራቱን አብርቶ ሲቀበላት ጠጉሯ ቆመ። እግሯ እንዲሸሽ ፈለገች። ያስቀራት ሥራዋ ብቻ ነው።

ለይኩን አልሮጠም። ባለበት ደርቆ ቀረ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«እኔን ነው የሚያየው» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

ለይኩን ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ውሃ ሲሰጡት እሷ ቅምሻ ክፍሉ ገባች። ሲኒዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ በጣቷ አንዱን ነካችው፣ አቧራ ነው። ቡና የሚቆላበት ትንሽ ማሽን ውስጥ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። ቀማሽ የሚተፋበት ባልዲ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግድግዳው ላይ ያለው የውጤት መዝገብ ግን እስከዚሁ ሳምንት ድረስ በሚያምር ጽሕፈት ተሞልቷል፤ «ጣፋጭ»፣ «የማር ቃና ያለው»፣ «አበባ አበባ የሚሸት»። ወርቂቱ በሩን ዘግታ አኒስን ጠራችውና ቦናን ከጣቢያ እንዲያስመጣ ላከችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ከታዛው ዐሥር እርምጃ ርቀት አቆመቻቸው። ወይዘሮ ብርሃንነሽን በወንበር አስቀመጠቻቸው። ቦና እጁ ታስሮ ከአኒስ ጎን ቆመ። የሟቹ ዘመዶች ሲያዩት አጉረመረሙ፤ አንዱ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ብሎ ነበር፣ የወርቂቱ ዓይን አስቀረው።

«እያንዳንዳችሁ የያዛችሁትን ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ» አለች። «ከዚያ አንድ በአንድ በመኪናው አጠገብ ታልፋላችሁ።»

«ኢንስፔክተር፣ ይህ ምን የሚሉት ነው?» አለ ከሊል።  አለፈ ግን፤ መኪናው ዝም አለ። ወይዘሮ ብርሃንነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው አለፉ። መኪናው ዝም አለ። ቦና አለፈ፤ ሲያልፍ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ለይኩን ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ባዶ እጁን አለፈ። ምንም አልሆነም። ለይኩን ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«አሁን ዕቃዎቹ ይለፉ» አለች ወርቂቱ።

አኒስ የከሊልን ዣንጥላ ይዞ አለፈ። የወይዘሮዋን የእጅ ቦርሳ ይዞ አለፈ። ከዚያ የለይኩንን የቆዳ ቦርሳ ያዘና ሄደ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ስፖኪዮዎቹ ተዘረጉ፣ መብራቱ በራ። አኒስ ቦርሳውን ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

ሰዉ ወደ ኋላ ተገፋ። ወርቂቱ ድምፅዋን ሳታነሣ መናገር ጀመረች።

«መናፍስት የሉም። ይህ መኪና ቁልፉ ሲቀርበው ስፖኪዮውን ይዘረጋል፣ ሲርቀው ያጥፋል፤ ሥራው ነው። ቁልፉ ውስጡ ሲገባ ደግሞ ይነሣል። ረቡዕ ማታ የተነሣው ቁልፉ በእርግጥም መኪናው ውስጥ ስለነበር ነው። እናንተ ሞተሩን ስታስነሡ፣ ቁልፉ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጭን ላይ ነበር። ሰውየው ሲወርድ አብሮት ወረደ። ዓርብ መኪናው ሲበራ ቦና እስር ቤት ነው፣ ከሊል መስጊድ ነው። ረቡዕ ሞተሩ ሲነሣ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ቤት ውስጥ ናቸው። ሦስቱም ጊዜ በቦታው የተገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ለይኩንን አዩት።

«እኔ አልያዝኩም» አለ ለይኩን። «በእናቴ እምላለሁ፣ ቁልፉን አይቼው አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ያስቸገረኝም እሱ ነው። ቁልፉን የደበቀ ሰው ወደ መኪናው ይዞት አይመጣም። ከሁላችን በላይ የፈራኸው አንተ ነህ፤ ስለዚህ መያዝህን አታውቅም። ሰው ሦስት ቀን ሙሉ የተሸከመውን ዕቃ እንዴት አያውቅም? ያልከፈተው ነገር ውስጥ ካለ ነው። አኒስ፣ ከሦስቱ ናሙናዎች ቁጥር ዐሥራ ሰባትን አውጣ።»

አኒስ አወጣው። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው፤ አፉ በክር ተሰፍቶ በሰም ታሽጓል፣ በሟቹ እጅ ጽሕፈት «፲፯» ተጽፎበታል። ወርቂቱ የውጤቱን ወረቀት ከጎኑ ያዘችው።

«ለይኩን፣ ይህን ቡና ጣፋጭ፣ የብርቱካን ቃና ያለው ብለህ ፈርመሃል። ከረጢቱ ግን እስከዛሬ አልተከፈተም። የቅምሻ ክፍልህ ሲኒዎች ወራት አልታጠቡም። ያረረውን ምስር ጥሩ ነው ብለህ ጨረስከው። ቡናህን ገዢዎች ይመልሳሉ። አንተ ማሽተትም መቅመስም አትችልም። አቶ ኃይለሚካኤል ይህን ጠረጠሩ። ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ከቦና ተቀብለው ሲስቁ ያሰቡት ተንኮል ይህ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ ጨምረው አሸጉና ሰጡህ። ብትከፍተው ታገኘዋለህ። አንተ ሳትከፍት ውጤት ጽፈህ ይዘህላቸው መጣህ። በዝናብ፣ ቁልፉን ሲጠብቁ ወደ ተቀመጡበት መኪና። ቦና ቢሆን መሪው ላይ በተቀመጠ ነበር። አንተ እንደ እንግዳ ከኋላቸው ገባህ። ብረቱ እግርህ ሥር ነበር።»

በሰም የታሸገውን ከረጢት ዘረጋችለት። «ክፈተው። ሕጉን አንተው ነህ የነገርከኝ።»

የለይኩን ጣቶች ክሩን ሊፈቱት አልቻሉም። በጥርሱ በጠሰው። አረንጓዴው ቡና ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ከመሐሉ ጥቁሩ ሪሞት ወጣ። ከሪሞቱ ጋር የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ወርቂቱ ጮክ ብላ አነበበቻት።

«ለይኩን፣ ይህን ካገኘህ ጥርጣሬዬ ሐሰት ነው ማለት ነው። ቁልፉን ይዘህ ና፤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ለይኩን መሬት ላይ ተቀመጠ። ባለፈው ዓመት ጉንፋን መሰል በሽታ አፍንጫውን እንደወሰደበት፣ ይመለሳል ብሎ ወር በወር እንደጠበቀ ተናገረ። «‹ከረጢቱን አልከፈትከውም፣ አውቃለሁ› አሉኝ፤ ፊታቸውን እንኳን ሳያዞሩ። ነገ ጅማ ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ። እኔን እኮ ለይኩን ብሎ የሚጠራኝ የለም፣ ቀማሹ ነው የሚሉኝ። እሱ ከቀረ ምን ልባል ነው? መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም፣ ብረቱን። ከረጢቱንም ፖሊስ ስለመዘገበው ልጥለው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ መኪናው ባየኝ ቁጥር...» አልጨረሰውም።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ከወንበራቸው ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም።

«ማክሰኞ ማታ ባሌ በስልክ ከሐኪም ጋር ሲያወራ ሰማሁት» አሉት። «ማሽተት የጠፋበት ሰው ይድናል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለራሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለአንድ ወዳጄ ነው፣ ሰው እንዳይሰማብኝ አለኝ። ቀጠሮ ይዞልህ ነበር፣ ለይኩን።»

ለይኩን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ያወጣው ድምፅ የሟቹን ዘመዶች እንኳን ዝም አሰኛቸው። አኒስ አንሥቶ ወሰደው።

ወርቂቱ የቦናን እጅ ፈታች። ድንጋይ ሊያነሣ የነበረው ዘመድ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ጠፋ። ወይዘሮ ብርሃንነሽ ሪሞቱን ከቡናው መሐል አንሥተው ወደ ቦና መጡ።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ» አሉት። «ልጄ፣ ቁልፉን ያዝ። እንደ ድሮው ያዝ።»

ቦና ሪሞቱን አየው። እጁን ወደ ፊት አልዘረጋም። 

«እትዬ፣ ስድስት ዓመት ልጄ ሲሉኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሌሎቹን አውቃቸዋለሁ ብለው እኔን ሰጡኝ። አልተቀየምኩም። ግን ከእንግዲህ እዚህ መኪና ውስጥ ብቀመጥ፣ ጀርባዬን ለማን ሰጥቼ እነዳለሁ?»

እጅ ነሥቷቸው በሩ ጋ ወደቆመችው ወደ ሳሊሀ ሄደ። ሕፃኑን ተቀበላት። ሁለቱም በጭቃው መንገድ በእግራቸው ወደ ከተማው አመሩ፤ ወይዘሮ ብርሃንነሽም ቁልፉን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።